ፎንቱን እዚያ አታስገቢው

ቆዪ እስኪ እታለም፣ ኢንተርን አትጫኚ። አቢሲኒካ ፎንቱን ዩኤስአር ሼር ፎንትስ ውስጥ ልትገለብጪው ነው አይደል? መሥራቱንማ ይሠራል፤ አማርኛውም ጥርት ብሎ ይነበብልሻል። ግን ቦታው ያንቺ አይደለም። ዩኤስአር የዴቢያን ነው፤ እዚያ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚመዘግበው የፓኬጅ አስተዳዳሪው ነው። ነገ ያው ፎንት በፓኬጅ ሲመጣ ያንቺን ፋይል ሳይጠይቅሽ ሊተካው ይችላል። በእጅሽ ያመጣሽው ሁሉ ቦታው ዩኤስአር ሎካል ነው፤ ፎንት ከሆነ ሎካል፣ ሼር፣ ፎንትስ። ለራስሽ ብቻ ከሆነማ ሆምሽ ውስጥ ያለው ነጥብ ሎካል፣ ሼር፣ ፎንትስ ይበቃል፤ ሱዶም አያስፈልግሽ።

ይህን የፋይል አቀማመጥ ማን ደነገገው ብትዪኝ፣ ራሳቸው የሊኑክስ ሠሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1993 ሊኑክስ ገና በየሰፈሩ የተለያየ ነበር፤ አንዱ ዘንድ የሚገኝ ፋይል ሌላው ዘንድ አይገኝም። ተወያይተው በየካቲት 1994 የመጀመሪያውን ሰነድ አወጡ። ቆይቶ የቢኤስዲ ሰዎችም ገቡበትና ኤፍኤችኤስ ተባለ፤ 3.0 የተባለው እትም በ2015 ወጣ። የሚያስገድድ ሕግ የለውም፣ ስምምነት ነው። ስለዚህም ይለወጣል፤ ፌዶራ በ2012 ቢንን ከዩኤስአር ቢን ጋር አንድ አደረገው፣ ዴቢያንም በ2023 ግዴታ አደረገው።

የፎልደሮቹን ዝርዝር አትሸምድጂ። ሁለት ጥያቄ ያዢ፦ ይህ ፋይል ማሽኑ እየሠራ ይለዋወጣል ወይስ እንዳለ ይቀመጣል? ሌላ ማሽን ሊጋራው ይችላል ወይስ የዚህ ብቻ ነው? ሎግ በየደቂቃው ይጨምራል፣ ስለዚህ ቫር ነው። የዚህ ማሽን ማስተካከያ ደግሞ ኢቲሲ። ቴምፕ ውስጥ ያለውን ነገ አገኘዋለሁ ብለሽ አታስቢ፤ ባክአፑን እዚያ አስቀምጦ ከሪስታርት በኋላ ያለቀሰ ሰው አይቻለሁ።

እዚህ አስፐን ሂል ስንቱ ልጃችን ቀን ኡበር ሲነዳ ውሎ ሌሊት ሊኑክስ ያጠናል። የትእዛዙን ሆሄ አንድ በአንድ ይይዛል፤ ፋይሉ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ግን ዘሎት ያልፋል። ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሥራው እሱ ነው። ሌሊት ሲደወልልኝ ሰርቨሩን የተከለውን ሰው በስምም አላውቀው፤ ዲስኩ ሞላ ሲሉኝ ግን ማንንም ሳልቀሰቅስ ቀጥ ብዬ ቫር ሎግ እገባለሁ። እሱ ቦታውን ጠብቆልኛል። አንቺም ከኋላሽ ለሚመጣው እንደዚያው አድርጊለት። አንድ ፋይል የማን እንደሆነ ከተጠራጠርሽ፣ ዲፒኬጂን በትልቁ ኤስ ጠይቂው፤ የየትኛው ፓኬጅ እንደሆነ ይነግርሻል። ባለቤት የለውም ካለሽ፣ አንድ ሰው በእጁ አስቀምጦት ሄዶ ሊሆን ይችላል።

በይ አሁን መድረሻውን ወደ ሎካል ቀይሪና ገልብጪ። ኤፍሲ ካሽ ማስኬድም እንዳትረሺ፣ አለዚያ ፎንቱ ቶሎ ላይታይሽ ይችላል።