የጎተራ ሆድ ስንት ይይዛል?

ከደባርቅ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዳችሁ ዛሪማ ስትደርሱ የደጋው ብርድ ቀርቶ የቆላው ሙቀት ይቀበላችኋል። ማሽላ የሚከተትበትን ጎተራ ታውቁታላችሁ፤ መጽሐፋችሁ ሲሊንደር የሚለው የእሱን ቅርጽ ነው።

ይዘት ማለት ዕቃው በውስጡ የሚችለው ቦታ ነው። መጀመሪያ ወለሉን ብቻ አስቡ። እህል በስሱ ቢነጠፍበት፣ በላዩ ሌላ፣ በዚያም ላይ ሌላ እየተደረበ እስከ አፉ ቢደርስ፣ የወለሉን ስፋት በቁመቱ አበዛን ማለት ነው። ለሳጥንም ለጎተራም ሕጉ ይኸው ነው። የሳጥን ወለል ስፋት ርዝመት በወርድ ነው፤ የክብ ወለል ስፋት ግን 3.14 × ራዲየስ × ራዲየስ ነው።

እህል በሞላው ጎተራ መሀል ገብቶ ራዲየስ መለካት አይቻልም። ስለዚህ ገመድ አዙሩበት። ዙሪያው 6.28 ሜትር ከሆነ ለ2 × 3.14 አካፍሉት፤ 1 ሜትር ይመጣል። የእህሉ ቁመት 1.5 ሜትር ቢሆን፣ 3.14 × 1 × 1 × 1.5 = 4.71 ሜትር ኩብ። አንድ ሜትር ኩብ ማሽላ በግምት 7 ኩንታል ስለሚመዝን 33 ኩንታል ያህል አለ እንላለን።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ገመዱ የዞረው በውጭ በኩል ነው። በጭቃና በእበት የተመረገው ግድግዳ 10 ሳንቲ ሜትር ቢወፍር፣ የእህሉ ራዲየስ 0.9 ሜትር ነው። 3.14 × 0.9 × 0.9 × 1.5 ደግሞ 3.8 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ 27 ኩንታል እንኳ አይሞላም። የሌለ ስድስት ኩንታል ቆጥረን ነበር! ክረምቱን በዚህ ቁጥር ተማምኖ ለሚሻገር ቤተሰብ ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። ቁመትን በአንድ አሥረኛ ብትስቱ ይዘቱም በአንድ አሥረኛ ይሳታል። ራዲየስ ግን ሁለት ጊዜ ስለሚባዛ ስህተቱም ሁለት ጊዜ ይገባል፤ አንድ አምስተኛ ገደማ ይደርሳል።

አውድማ ላይ ተወቅቶ የተቆለለ ምርትስ? እሱ ሾጣጣ ነው። በወፍራም ወረቀት አፉም ቁመቱም ከአንድ ጣሳ ጋር እኩል የሆነ ሾጣጣ ሥሩ። ጤፍ እየሞላችሁ ወደ ጣሳው ገልብጡ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው አይሞላም፤ በሦስተኛው ጢም ይላል። ስለዚህ የሾጣጣ ይዘት እንደ ሲሊንደር ተሰልቶ ለ3 ይካፈላል። የምርቱ ሥር ዙሪያ 6.28 ሜትር፣ ቁመቱ 0.6 ሜትር ቢሆን፣ 3.14 × 1 × 1 × 0.6 ሲካፈል ለ3፣ 0.628 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ከ4 ኩንታል ትንሽ ይበልጣል።