ከሞተሩ በፊት ሊብሬው ይመርመር
ያገለገለ መኪና ለሚገዙና ለሚሸጡ

“በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ” ይባላል። ያገለገለ መኪና ገበያም ከዚህ የራቀ አይደለም። የገዢው ዓይን ቀለሙ ላይ፣ ጆሮው ደግሞ ሞተሩ ላይ ያርፋል። ገደሉ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱ ውስጥ ነው።

ለአብነት በዋግ ኽምራ፣ በፃግብጂ ወረዳ ፍየልና ማር እየሰበሰበ ሰቆጣ ገበያ የሚያደርስ አንድ ነጋዴ እናስብ። ለሰው መኪና የሚከፍለው ኪራይ ትርፉን ስለበላበት የራሱን ያገለገለ አይሱዙ ሊገዛ ቆርጧል። ለስሌት እንዲመች ዋጋውን 2,000,000 ብር እናድርገው። ገንዘቡ የዓመታት ጥሪት ነው፤ ከፊሉም ከዘመድ የተበደረው ነው። መኪናው ያለው አዲስ አበባ ሲሆን፣ ከሰቆጣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ደላላው ስልክ ደውሎ “ዛሬ ቀብድ ካልላክህ ሌላ ገዢ ቆሟል” ይለዋል። ነጋዴው ምን ያድርግ?

ገበያው ለምን ለአጭበርባሪ ተመቸ?

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ትንሽ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ያስፈልጋል። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ምሳሌ አድርጎ የወሰደው ይህንኑ ያገለገለ መኪና ገበያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎቹ ዋነኛው ይኸው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሻጩ የመኪናውን ገመና ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም።

በገበያው ውስጥ አሥር መኪኖች አሉ እንበል። አምስቱ ደህና ሆነው እያንዳንዳቸው 2,000,000 ብር ያወጣሉ፤ አምስቱ ደግሞ ችግር ያለባቸው ሆነው 1,000,000 ብር ያወጣሉ። ገዢው መለየት ካልቻለ የሚያቀርበው ዋጋ መሐል ለመሐል 1,500,000 ብር ይሆናል። በዚህ ዋጋ የደህናው መኪና ባለቤት አይሸጥም፤ ከገበያው ይወጣል። የሚቀረው ችግር ያለበት መኪና ብቻ ነው። እንግዲህ “በጣም ረክሶ አገኘሁት” የሚል ገዢ መጀመሪያ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው “ይህን ዋጋ የሚቀበል ሻጭ እኔ የማላውቀውን ምን ያውቃል?” ብሎ ነው።

በአገራችን ደግሞ ነገሩን የሚያባብሱ ምክንያቶች አሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወድዶታል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ የብር ዋጋ በእጅጉ አሽቆለቆለ። አዲስ ሲወደድ ፈላጊው ወደ አሮጌው ይዞራል፤ ፈላጊ ሲበዛ ጥድፊያ ይመጣል፤ ጥድፊያ ደግሞ የአጭበርባሪ እንጀራ ነው።

በዋግ ኽምራ በኩል ሌላም ጉዳይ አለ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በተካሄደው ጦርነት የፃግብጂና የአበርገሌ ነዋሪዎች ወደ ሰቆጣ ተፈናቅለው ነበር። በዚያ ዘመን በሰሜኑ ክፍል ብዙ ተሽከርካሪ ከባለቤቱ እጅ ወጥቷል። ስለዚህ “ሊብሬው በጦርነቱ ጠፋ” የሚል ሻጭ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ የሰው ንብረት ይዞ የሚዞርም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለየው የሻጩ መሐላ ሳይሆን የመኪናው ፋይል ነው። እውነተኛው ባለቤት ምትክ ሊብሬ በራሱ ስም ማውጣት ይችላልና፣ “አንተ ግዛና ምትኩን ራስህ ታወጣለህ” የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ውሉን ትቶ መሄድ ይሻላል። የተሰረቀ ንብረት በቅን ልቦና የገዛ ሰው እንኳ ለባለቤቱ እንዲመልስ ሊገደድ ይችላል።

የወረቀት ምርመራ

አንደኛ፣ ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር በቁጥር በቁጥር ይመሳከር። በሻንሲው ቁጥር ዙሪያ የመበየድ፣ የመሞረድ ወይም አዲስ ቀለም የመቀባት ምልክት ካለ ግዢው ይቁም። ሞተሩ የተለወጠ ከሆነ ለውጡ በፋይሉ መመዝገቡ ይጣራ።

ሁለተኛ፣ የሊብሬው መልክ ማንንም አያሳምን። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ምዝገባውን የሚያከናውን አካል እንዲኖር አድርጓል። ስለዚህ ፋይሉ ከሚገኝበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ከባለቤቱ ጋር ሄዶ መኪናው የማን እንደሆነና የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንዳለበት ማጣራት ይገባል። ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ እንደሚችል በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ይፈቅድለታል። ገዢው የሻጩን ዕዳ አላውቅም ብሎ ሊያመልጥ አይችልም።

ሦስተኛ፣ መኪናው ከቀረጥ ነጻ የገባ እንደሆነ ይጠየቅ። ለኢንቨስትመንት ወይም ለእርዳታ ሥራ ተብሎ በመብት የገባ መኪና ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ መከፈል አለበት። ዋጋው ረክሶ የሚታየው አንዳንዴ ያልተከፈለው ቀረጥ ገዢውን ስለሚጠብቀው ነው። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አራተኛ፣ ሻጩ ወኪል ከሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ውክልናው “መሸጥና ስም ማዛወር” የሚል በግልጽ የተጻፈ ቃል ይኑረው። ወካዩ ሲሞት ውክልናው በመርሕ ደረጃ ይቋረጣል፤ በማንኛውም ጊዜ ሊሽረውም ይችላል። ከወካዩ ጋር በስልክ ሳይሆን ቢቻል በአካል መነጋገር፣ ካልተቻለም ውክልናው ከተመዘገበበት መሥሪያ ቤት አለመሻሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ቀብድና የውል ዋጋ

ቀብድን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይህ ግን ሁልጊዜ በቂ መከላከያ አይሆንም። የፃግብጂው ነጋዴ 50,000 ብር ቀብድ ሰጠ እንበል። በማግስቱ ሌላ ገዢ መጥቶ በዋጋው ላይ 150,000 ብር ቢጨምር ሻጩ 100,000 ብር ይመልሳል። ከኪሱ የሚወጣው 50,000 ብር ብቻ ስለሆነ ውሉን አፍርሶም 100,000 ብር ያተርፋል። መፍትሔው ቀብዱን በጽሑፍ አድርጎ የስም ማዛወሪያውን ቀን ማሳጠር፣ የማፍረሻ መቀጫውንም በውሉ ላይ በግልጽ ማስፈር ነው። ያልታየ መኪና ላይ፣ በደላላ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ቀብድ መላክ ግን ግዢ ሳይሆን ዕጣ መቁረጥ ነው።

ሌላው በፈቃደኝነት የሚገባበት ወጥመድ የስም ማዛወሪያ ወጪን ለመቀነስ ሲባል የውሉን ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ ነው። 2,000,000 ብር ተከፍሎ ውሉ ላይ 600,000 ብር ቢጻፍና ነገ መኪናው የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ፣ ገዢው በሰነድ የሚያስረዳው 600,000 ብሩን ብቻ ነው። ቀሪው 1,400,000 ብር ሜዳ ላይ ይቀራል።

ከወረቀቱ በኋላ መኪናው

መካኒኩን የሚመርጠው ገዢው እንጂ ደላላው አይሁን። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ቀዝቃዛ መሆኑ በእጅ ይዳሰስ፤ አስቀድሞ የሞቀ ሞተር የጠዋት ሕመሙን ይደብቃል። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፤ ጭስ ለማሳነስ ወፍራም ዘይት መጨመር የታወቀ ዘዴ ነው። የራዲያተር ውኃ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ችግሩ ከባድ ነው። ቆርቆሮው በብርሃን ይታይ፣ በጣትም ይንኳኳ፤ ስቱኮ የበዛበት ቦታ ድምፁ ይታፈናል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደኋላ ሊመለስ ስለሚችል፣ ከቁጥሩ ይልቅ የፔዳሉን፣ የመሪውንና የወንበሩን እልቀት ማመን ይሻላል። ለዋግ ዳገትና ቁልቁለት ደግሞ ካምቢዮው፣ ፍሬኑና ባሌስትራው ጭነት ተጭኖ ቢፈተኑ መልካም ነው።

ሻጭም ይጠንቀቅ

የሚታለለው ገዢ ብቻ አይደለም። “ገንዘቡ ገብቷል” የሚል የስልክ መልእክት ወይም የደረሰኝ ፎቶግራፍ ክፍያ አይደለም። ክፍያ የሚባለው የሻጩ የራሱ ሒሳብ ሲያሳይ ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ “ቆይቶ ይገባልሃል” ሲባል ቁልፉም አብሮ ይቆይ። ቼክም ቢሆን በባንክ መስኮት እስኪመነዘር ድረስ ወረቀት ነው። ያለ በቂ ስንቅ ቼክ መጻፍ በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል፤ ጸሐፊው መታሰሩ ግን መኪናውን አይመልስም።

ከሁሉ በላይ ስም ሳይዞር መኪና አሳልፎ መስጠት አደገኛ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 በተሽከርካሪ ለደረሰ ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። ሊብሬው በስሙ እንደሆነ ከአንድ ዓመት በኋላ በማያውቀው ሹፌር ሰው የተገጨበት ሻጭ የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲደርሰው “ሸጫለሁ” የሚለውን የሚያስረዳው በምን ይሆን?

ወደ ነጋዴያችን እንመለስ። ለመንገድ፣ ለአልጋ፣ ለመካኒክና ለማጣሪያ 50,000 ብር ያወጣል እንበል። ከመኪናው ዋጋ 2.5 በመቶ ነው። ከሃያ ግዢ አንዱ ብቻ ሙሉ በሙሉ የሚያከስር ቢሆን እንኳ የአደጋው ግምት 100,000 ብር ይሆናል፤ የማጣሪያው እጥፍ ማለት ነው። ባለብዙ መኪናው የአዲስ አበባ ነጋዴ አንዱን ቢያጣ በሌላው ያካክስ ይሆናል። አንድ መኪና ብቻ የሚገዛው የፃግብጂ ነጋዴ ግን ሁለተኛ ዕድል የለውም። ስለዚህ ለደላላው የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፦ “ሌላው ገዢ ከቸኮለ ይውሰደው፤ እኔ መጥቼ ፋይሉን ሳላይ አንድ ብር አልልክም።” ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።