ካሜራው ወዴት ይመልከት?


ሴባስቶፖል መድፍ በተሠራበት ጋፋት በኩል አዲስ ቤት የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ከልስኑ በፊት ይህችን አስቡ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስንተኛ በር እንድንዘጋና መብራት እንድናጠፋ ማዘዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ምክንያቱም አብሮ ተነግሯል፤ አይጥ ክሩን ጎትታ ቤቱን እንዳታቃጥል። ኩራዙ በአምፖል ቢተካም ኢስራፉ አልቀረም። ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል 12 ሰዓት ሲያድር 0.72 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ ተቀራራቢ ብርሃን የሚሰጠው ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ግን 0.108 ብቻ። ሰው ሲያልፍ ብቻ የሚበራ ከሆነማ ከዚያም ያንሳል። የሽቦውን ቱቦ አሁኑኑ አስቀብሩ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቁልፍ ካስገጠማችሁም በእጅ የሚከፈትበት መንገድ ይኑረው፤ መብራት እንደሚጠፋ መቼም አትጠይቁኝም።

ካሜራው ላይ ግን ቆም እንበል። ሱረቱ አን-ኑር ሳያስፈቅዱ ሰው ቤት መግባትን ይከለክላል፤ ማስፈቀድ የተደነገገውም ለዓይን ሲባል መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። እንግዲያስ አጥር ላይ ተሰቅሎ የጎረቤትን ጓሮ፣ እናት ልብስ የምታሰጣበትን ቦታ፣ ቀን ከሌት የሚቀዳ ካሜራ ሳያንኳኳ ገብቷል። የራሳችሁን በርና ግቢ ብቻ ይይ። ባለሙያው ቦልቱን ሳያጠብቀው ጎረቤታችሁን ጥሩና ስልካችሁ ላይ የሚታየውን አሳዩት።