የአሠራር መግለጫ ድርሰት፦ የቬንትሌተር ቺንጊያ

ባለፉት ትምህርቶች ተራኪና ገላጭ ድርሰቶችን አይታችኋል። የአሠራር መግለጫ ከእነዚህ የሚለየው አንባቢው እያነበበ በእጁ የሚሠራ በመሆኑ ነው። ስለዚህ የዐረፍተ ነገሮቹ ቅደም ተከተል ከቃላቱ ውበት ይበልጥ ያስፈልጋል።

ለምሳሌ በጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ውስጥ ብናኝ የሚስበውን ትልቅ ቬንትሌተር እንውሰድ። ሞተሩ የቬንትሌተሩን ዘንግ የሚያዞረው በሁለት ፑሌጃዎች ላይ በተጠለቁ የጎማ ቺንጊያዎች ነው። (ቺንጊያና ፑሌጃ፣ እንደ ኩሽኔታና ካቻቢቴ ሁሉ፣ ከጣልያንኛ የመጡ የጋራዥ ቃላት ናቸው። ሠራተኛው የሚያውቃቸው በዚሁ ስማቸው ነውና በድርሰታችሁ ብትጠቀሙባቸው ነውር የለውም።) ቺንጊያው ሲላላ ይንሸራተታል። የቬንትሌተሩ ፍጥነት ከመቶ 10 እጅ ቢቀንስ የሚስበው አየርም በዚያው መጠን ይቀንሳል። የሚንሸራተት ቺንጊያ ይግላል፤ በዙሪያው የጥጥ ብናኝ ከተከማቸ ደግሞ እሳት ሊነሣ ይችላል።

አሁን የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

ሀ. የቺንጊያውን መከለያ አንሣ፤ ይህን ከማድረግህ በፊት ግን ኤሌክትሪኩን አጥፋ።

ለ. ኤሌክትሪኩን አጥፍተህ ማብሪያውን ከቆለፍህ በኋላ የቺንጊያውን መከለያ አንሣ።

ሁለቱም በሰዋስው ረገድ ስሕተት የለባቸውም። በ«ሀ» ግን «አንሣ» የሚለው ትእዛዝ አንቀጽ ቀድሞ ስለ መጣ፣ ማስጠንቀቂያው ሳይደርስ የአንባቢው እጅ መከለያው ላይ ነው። ጣቱ በቺንጊያውና በፑሌጃው መካከል የገባበት ሰው የዐረፍተ ነገሩን ቀሪ ክፍል አያነብም። በ«ለ» ቦዝ አንቀጹ «አጥፍተህ» መጀመሪያ የሚሠራውን ሥራ መጀመሪያ ላይ አኑሮታል። ቋንቋችን ማሰሪያ አንቀጹን በመጨረሻ ማስቀመጡ ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ እጅግ ይመቻል።

ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

«ማብሪያውን ከቆለፍህ በኋላ የቬንትሌተሩ ክንፍ ፈጽሞ እስኪቆም ጠብቅ፤ ሞተሩ ቢጠፋም በቱቦው የሚያልፍ ነፋስ ሊያዞረው ስለሚችል እንዳይዞር አድርገህ እሰረው። መከለያውን አንሥተህ ቺንጊያዎቹን መርምር። የተሰነጠቀ፣ ዳሩ የተበጣጠሰ ወይም ጎኑ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ካገኘህ ሁሉንም በአንድነት ለውጥ፤ አንዱ ብቻ አዲስ ቢሆን ሸክሙ በእርሱ ላይ ይወድቃል። በካቻቢቴ ፈልቅቀህ አታውጣ፤ የሞተሩን ብሎኖች አላልተህ ሞተሩን ወደ ቬንትሌተሩ ካስጠጋኸው ቺንጊያው በእጅ ይወጣል። የፑሌጃዎቹን ቦዮች ተመልከት፤ የቦዩ ወለል የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ ቺንጊያው በጎኖቹ መያዙን ትቶ ወለሉን መንካት ጀምሯልና ፑሌጃው ይለወጥ። አዲሶቹን ካስገባህ በኋላ በሁለቱ ፑሌጃዎች ፊት ላይ ሲባጎ ወጥረህ በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን አረጋግጥ። ከዚያም ሞተሩን እያራቅህ ቺንጊያዎቹን ወጥር።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ጉድለት አለበት። ምን ያህል ይወጠር? «በደንብ ወጥር» ብሎ መጻፍ ምንም አለመጻፍ ነው፤ ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጊያ ኩሽኔታውን ይሰብራል። በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል የተዘረጋው ቺንጊያ 1 ሜትር ርዝመት ካለው፣ አምራቹ በወሰነው ኃይል መካከሉ ሲጫን 16 ሚሊ ሜትር ያህል ሊጎብጥ ይገባል። አዲስ ቺንጊያ ስለሚለጠጥም ከ24 እስከ 48 ሰዓት ከሠራ በኋላ ውጥረቱ እንደገና ይለካል፤ ያን ጊዜም ማሽኑ እንደገና ጠፍቶ መቆለፍ እንዳለበት ጻፉ።

ክልከላ ስትጽፉ ምክንያቱን ጨምሩ። ቺንጊያ ሲጮኽ ግራሶ የሚቀቡ አሉ። «አትቀባ» ብቻ ቢባሉ ጩኸቱ ስለሚያስቸግራቸው መቀባታቸውን አይተዉም፤ ግራሶ ጎማውን እንደሚያበላሽና መንሸራተቱን እንደሚያብሰው ከተነገራቸው ግን ውጥረቱን ወደ መለካት ይሄዳሉ።

መልመጃ። ከላይ ያለው ምንባብ የታሰረውን ክንፍ ስለ መፍታትና መከለያውን መልሶ ስለ መግጠም አይናገርም። ምንባቡን የሚፈጽሙ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ። ቢያንስ ሁለት ቦዝ አንቀጾች ይኑሯቸው፤ የመጨረሻው ማሰሪያ አንቀጽ «አብራ» ይሁን።