ማበጀትና መጠበቅ፤ የእንጦጦ ተራራ የሚያስተምረን

እግዚአብሔር አምላክ አዳምን በገነት ባኖረው ጊዜ ሥራ ፈትቶ ፍሬ እየለቀመ እንዲበላ ብቻ አላኖረውም። ምድሪቱን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት አዘዘው እንጂ። ብዙዎቻችን እነዚህን ሁለት ትእዛዛት እንደ አንድ እንቈጥራቸዋለን፤ ነገር ግን ልዩነታቸው ታላቅ ነው። ማበጀት የአንድ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል፤ መጠበቅ ግን የዕድሜ ልክ ግዴታ ነው። ይህን ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥተን ተራራውን ብንመለከት ይበቃናል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በዚህች ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ደፉ። አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ ሕዝቡ እየበዛ ሲሄድ፥ በአካባቢው የነበረው ጽድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቈረጠ ተመናመነ። ንጉሠ ነገሥቱም በእንጨት እጦት ምክንያት መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው፥ በዚያ ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ከተማይቱን ያዳናት በ1880ዎቹ ዓመታት ማለቂያ ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ትውልዱ አውስትራልያ ሲሆን፥ ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ይህን ስም አገኘ። በጥቂት ዓመት ለመቈረጥ ይደርሳል፤ ቢቈረጥም ከጉቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ስለዚህ ባሕር ዛፍን የሚረግም ሰው የአባቶቹን ችግር የዘነጋ ነው።

ነገር ግን መድኃኒትም ከልኩ ሲያልፍ ይጎዳል። ባሕር ዛፍ ብቻውን በሞላበት ቁልቁለት ከሥሩ ሣርና ቍጥቋጦ እምብዛም አይበቅልም፤ የረገፈው ቅጠል ደግሞ ለማገዶ ተጠርጎ ሲወሰድ አፈሩ ራቍቱን ይቀራል። የክረምቱም ዝናም ወደ መሬት መስረጉ ቀርቶ አፈሩን እያጠበ ይወርዳል። እንጦጦ የውሃ መከፈያ መሆኑን እናስተውል፤ በስተደቡብ የሚወርደው በቀበናና በሌሎች ወንዞች ወደ አቃቂ፥ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል፤ በስተሰሜን የሚወርደው ወደ ዓባይ ይጓዛል። እንግዲህ በተራራው ራስ ላይ የደረሰው ጉዳት በግርጌው ላሉት ሁሉ ይተርፋል ማለት ነው።

ይህን ጉዳት ለመጠገን የተነሡ ሰዎች አልታጡም። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በ1980ዎቹ ዓመታት ማለቂያ የእንጦጦን የተፈጥሮ ፓርክ አቋቁሞ በባሕር ዛፍ ፈንታ ያገሩን ዛፍ ለመመለስ ሥራ ጀመረ። ከዚያም በኋላ የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው 705 ሄክታር የሚሆነውን የጉለሌን ዕፅዋት ማዕከል መሠረቱ። እንዲህ ያለው ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ባሕር ዛፉን መቍረጥ ብቻ አይበቃም፤ ጉቶው ያቈጠቍጣልና እየተመላለሱ ቡቃያውን ማጥፋት ያስፈልጋል። ጽድና ወይራ ደግሞ ዝግ ብለው የሚያድጉ ስለ ሆኑ፥ በክረምት የተተከለው ችግኝ በበጋ ከድርቀት፥ ከእሳትና ከከብት ካልተጠበቀ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የተከለውም ሰው ከዛፉ ጥላ ሥር ሳያርፍ ሊያልፍ ይችላል።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ጥበብ ቀድሞም ታውቀዋለች። በሰሜኑ ደጋ፥ ሜዳው ሁሉ እርሻ በሆነበት አገር፥ ጥንታዊው ደን ተርፎ የሚታየው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደኖች መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ አግኝተዋል። ሆኖም ከብት በገባበት ደን ችግኙ እየተበላ ያረጁት ዛፎች ያለ ተተኪ ይቀራሉ። ስለዚህ በአንዳንድ ስፍራ ካህናቱና ገበሬዎቹ ከእርሻቸው ድንጋይ እየለቀሙ በደኑ ዙሪያ ካብ ካቡ። እርሻው ከድንጋይ ጸዳ፤ ችግኙም ጠባቂ አገኘ። መጠበቅ ማለት እንዲህ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይመጣል። ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው፥ ጎንበስ ብለው የሚወርዱት እናቶቻችንና እኅቶቻችንስ ምን ይሁኑ? እነርሱ ወደ ደኑ የሚወጡት የዕለት እንጀራ ቢያጡ ነው። ዛፉን ለማዳን ስንል ድኻይቱን ሌላ መተዳደሪያ ሳናሳያት ብናባርራት፥ ምድርን ጠበቅን ወንድማችንን ግን አልጠበቅንም፤ የቃየልም መልስ የእኛ መልስ ይሆናል። ደኑም ቢሆን አይድንም፤ የተራበ ሰው በሌሊት ይመለሳልና። ከነዚህ ሴቶች አንዳንዶቹ ሸክሙን ትተው በማኅበር በሽመና ሥራ መተዳደር ጀምረዋል። ይህ መልካም ምሳሌ ነው። ችግኝ ለማፍላትና ደን ለመጠበቅ ሠራተኛ ሲፈለግም የተራራውን መንገድ ሁሉ በእግሯ የምታውቀው እርሷ ቀድማ ልትጠራ ይገባል።

እንግዲህ፥ ምእመናን ሆይ፥ በክረምት ችግኝ ስንተክል ደስ ይለናል፤ መልካም ነው። ነገር ግን የተከልነውን በጥር ወርና በየካቲት ወር ተመልሰን እንጎብኘው፤ ውሃ እናጠጣው፤ አጥር እንጠርለት። ከደኑ አጠገብ የሚኖረውንም ድኻ አብረን እናስበው። ያን ጊዜ ሁለቱንም ትእዛዛት ፈጽመናል እንባላለን። ለዚህም አምላካችን ይርዳን።