ሥጋ ከገበታ ሲነሣ በምን ይተካል?

ለሰው ሰውነት ዕድገትና ብርታት ምግብ አስፈላጊ መሆኑን የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን ሆድን መሙላትና ሰውነትን መመገብ አንድ አለመሆናቸውን ሳንገነዘብ የምንቀር ብዙዎች ነን። በዚህች አጭር ጽሑፍ ላቀርበው የምሻው፥ አንድ ቤተሰብ ሥጋ መብላትን ሲተው ሰውነቱ ምን እንደሚጐድልበትና ያንንም በምን ሊተካው እንደሚችል ነው።

ይህን እንዳጠና ያነሣሣኝ የገዛ ቤታችን ጉዳይ ነው። በአባቴ ደም ውስጥ ኮሌስትሮል የተባለው ቅባት ስለ በዛ፥ ሥጋና ቅቤ እንዲቀንሱ ሐኪም መከራቸው። በአንድ ቤት ሁለት ዐይነት ድስት ከሚጣድ ሁላችንም ሥጋውን ብንተው ይሻላል ተባለ። እናቴ ግን «ለአባትህስ ይሁን፤ ገና በማደግ ላይ ላሉት ሕፃናትስ?» ብላ ጠየቀችኝ። አያቴም «ይህማ ፋሲካ የሌለው ሁዳዴ ነው» አሉ። ሁለቱም ነገር መልስ የሚያሻው ስለ ሆነ፥ የባዮሎጂ መጽሐፌን ገልጬ፥ መምህሬንም ጠይቄ የተረዳሁትን እነሆ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ የጾምን ገበታ ሥጋ ከማይበላ ቤተሰብ ገበታ ለይተን ማየት ይገባናል። በጾም ጊዜ ሥጋ ብቻ ሳይሆን ወተት፥ ቅቤና እንቁላልም ይቀራሉ፤ ነገር ግን ጾም መፍቻ አለው። ሁዳዴ በ55 ቀን ያበቃል፤ የጐደለውም በፍስክ ቀን ይሞላል። ሥጋን ለዘወትር የሚተው ሰው ግን የሚጠብቀው የፍስክ ቀን ስለሌለው፥ የሚጐድለውን በየዕለቱ አስቦ መሙላት አለበት። ደግነቱ እናቶቻችን ከጾም የተነሣ ያለ ሥጋ ማብሰልን ጠንቅቀው ያውቃሉ። የቀረን ነገር ቢኖር በዚህ ሙያ ላይ ጥቂት እውቀት መጨመር ነው።

1ኛ/ ፕሮቲን ወይም ሰውነት ገንቢ ምግብ። ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ ሰው በቀን 50 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል። በ100 ግራም ጥሬ ምስር ውስጥ 24 ግራም ገደማ፥ በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ ደግሞ 13 ግራም ገደማ ይገኛል። ስለዚህ በቀን ከ300 ግራም የጤፍ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ ከ100 ግራም ምስር ጋር የበላ ሰው ከ60 ግራም በላይ ያገኛል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ፥ እህል ላይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ሲያንሰው ጥራጥሬ ሜታዮኒን የተባለው ያንሰዋል፤ እንጀራና ወጥ አንድ ላይ ሲበሉ ግን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

2ኛ/ ብረት። ብረት ሲያንስ የደም ማነስ ይመጣል፤ ይልቁንም ለአካለ መጠን የደረሱ ልጃገረዶች ሊጠነቀቁ ይገባል። የሥጋ ብረት በቀላሉ ወደ ደም ይገባል፤ የእህልና የቅጠላ ቅጠል ብረት ግን እንደዚያ አይደለም። ጤፍ በብረቱ የታወቀ ቢሆንም፥ በውስጡ ከሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ስለ ሆነ ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። የሊጡ መቡካት ግን ብረትን የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ነገር ስለሚቀንስ ይረዳል። ከምስሩ ጋር ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ ወይም ጥሬ ቃሪያ መብላትም በውስጣቸው ባለው ቪታሚን ሲ ምክንያት ብረቱን ወደ ደም ያስገባል። ቡናና ሻይ በአንጻሩ ይከለክሉታል፤ ስለዚህ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆዩ መልካም ነው።

3ኛ/ ቪታሚን ቢ12። ይህ ቪታሚን እ.ኤ.አ. በ1948 ተለይቶ የወጣ ሲሆን፥ እንግሊዛዊቷ ዶሮቲ ሆጅኪን ቅርጹን በ1956 ደርሳበት ስለዚህና ስለ መሰል ሥራዎቿ በ1964 የኖቤልን ሽልማት ተቀብላለች። ሲጐድል ደምንና ነርቭን ይጐዳል። የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ስለ ሆኑ፥ በጎመንም ሆነ በባቄላ አይገኝም። አዋቂ ሰው በቀን የሚፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ጕበትም ለዓመታት የሚበቃ ያከማቻል። በሁዳዴ የሚጾም ጤነኛ ሰው የማይጐዳው በዚህ ምክንያት ነው። ሥጋን ለዘወትር የተወ ቤተሰብ ግን ወተት፥ አይብና እንቁላል መያዝ፥ እነዚህንም ከተወ በሐኪም ምክር ኪኒን መውሰድ ይኖርበታል።

4ኛ/ የሕፃናት ጉዳይ። የእናቴ ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፤ አትክልት ብቻ ቢሞሉት ሳይጠግብ ይሞላል። ስለዚህ ከምስሩና ከሽሮው ሌላ እንቁላል፥ ወተትና የተፈጨ ለውዝ እየተሰጠው ቶሎ ቶሎ መመገብ አለበት።

ከዚህም ቀጥሎ ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛው ስለ ጓያ ነው። ጓያ ዘወትር ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን የሚያሽመደምድ መርዝ አለው፤ ስለዚህ ሽሮ ሲገዛ ጓያ ያልተቀላቀለበት መሆኑን ማረጋገጥ፥ ቢቻልም በቤት ማዘጋጀት ይሻላል። ሁለተኛው ስለ ዘይት ነው። በቅቤ ፈንታ ሲቀዘቅዝ የሚረጋውን የፓልም ዘይት የሚያበዛ ሰው፥ ከሸሸው ቅባት ወደ ሌላ መሰሉ መሄዱ ነው። የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት፥ እርሱም በልክ ቢሆን ይመረጣል።

አሠራሩን በተመለከተ እኛ ሁሉን በአንድ ቀን አልተውንም። ረቡዕና ዓርብ አስቀድሞም ያለ ሥጋ ስለ ነበሩ በየሳምንቱ አንድ አንድ ቀን ጨመርን፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ። ለአያቴም ነገር መልስ ተገኘ፤ በበዓል ቀን በደንብ በተቁላላ ወጥ ላይ የተቀቀለ እንቁላል፥ ከጎንም ጎመንና አይብ ይቀርባል። አይብ ቅቤው ተንጦ ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ለአባቴም ይስማማቸዋል።

እንግዲህ ከዚህ ጥናት የተረዳሁት፥ ሥጋን መተው ብቻውን ጤና አለመሆኑን ነው። ጤና የሚሆነው በተተወው ፈንታ የሚገባውን ማስገባት ሲታወቅ ነው። ስለዚህ ውድ ጓደኞቼ፥ በክፍል የምንማረውን ትምህርት ወደ ማእድ ቤት ይዘነው እንግባ፤ የእናቶቻችን ሙያና የእኛ ትምህርት ሲተባበሩ ቤተሰብ ሁሉ ይጠቀማልና።