ትዝ ማለትና ማስታወስ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ መልመጃዎቹን ሥሩ።

ሀ. ምንባብ

«የእናቴ ድምፅ ትዝ አለኝ» ስንልና «የእናቴን ድምፅ አስታወስሁ» ስንል የምንናገረው አንድ ነገር ይመስላል። ሰዋስዉ ሲመረመር ግን ልዩነቱ ይገለጣል። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ «ድምፅ» ነው፤ በሁለተኛው ግን ባለቤቱ «እኔ» ነው፤ ድምፁም ተሳቢ ሆኗል። አንዱ ሳይጠሩት ይመጣል፤ ሌላው ተፈልጎ ይገኛል።

ይህን ልዩነት ፈላስፎች ከጥንት ጀምሮ መርምረውታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ384 እስከ 322 የኖረው ግሪካዊው አሪስቶትል፣ ያለፈውን ነገር ምስል በልቡና መያዝንና የጠፋውን መፈለግን ለያይቶ ጽፏል። መያዙን ብዙ እንስሳትም ይካፈሉታል፤ ከአንዱ ሐሳብ ወደ ሌላው እየተሻገሩ መፈለግ ግን የሰው ብቻ ነው ይላል።

በሰሜን አፍሪካ የተወለደው የሃይማኖት ሊቅ አውግስጢኖስ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 354–430 ዓ.ም.) ደግሞ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ 10ኛ ክፍል አንድ እንቆቅልሽ ያነሣል። የረሳነውን ፈልገን ስናገኝ «ይህ ነው» የምንለው በምን አውቀን ነው? በሉቃስ ወንጌል ድሪም የጠፋባት ሴት ድሪሙን ባታስታውስ ኖሮ፣ ብታገኘውም አትለየውም ነበር። የሰው ስም ሲጠፋብንም እንዲሁ ነው። «ከበደ ነውን? አየለ ነውን?» ቢሉን «አይደለም» እንላለን። ስለዚህ መርሳታችንን እስካወቅን ድረስ ፈጽመን አልረሳንም። አውግስጢኖስ ይህን የመረመረው ሰው ፈጣሪውን እንዴት ሊፈልግ እንደሚችል ለመረዳት ነው፤ ጨርሶ የማያውቀውን የሚፈልግ የለምና።

ነገሩ ከአገራችን ልማድም ጋር ይገናኛል። «ዘከረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ ዝክር፣ ተዝካርና መዘክር የሚሉ ስሞች ወጥተዋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሟች በ40ኛው ቀን፣ ኋላም በሙት ዓመቱ ይታሰባል። ሐዘኑ ትኩስ ሳለ ሟቹ በየሰዓቱ ትዝ ይላል፤ ዘመን ሲያልፍ ግን ትዝታ ይደክማል። ቀን ተቆርጦ መታሰቢያ የሚደረገው ስለዚህ ነው። ትዝታ በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ ማስታወስ ግን የሰው ግዴታ ነው።

ለ. የቃላት ፍቺ

ልቡና፦ አእምሮ፣ የማሰብ ኃይል
ድሪም፦ የጥንት የብር ገንዘብ
ተዝካር፦ ለሟች መታሰቢያ የሚደረግ ጸሎትና ግብዣ

ሐ. ጥያቄዎች

1. አሪስቶትል ለሰው ብቻ የሰጠው ችሎታ የትኛው ነው?
2. የጠፋው ድሪም ምሳሌ ምን ያስረዳል?
3. «መርሳታችንን እስካወቅን ድረስ ፈጽመን አልረሳንም» የሚለውን ሐሳብ ትቀበላላችሁን? ምክንያታችሁን ግለጹ።

መ. ሰዋስው

በሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ባለቤቱንና ተሳቢውን ለዩ።

1. የልጅነት ጓደኛዬ ታወሰኝ።
2. መምህሩ የቀድሞ ተማሪዎቹን አስታወሰ።
3. የተወለደችበት መንደር ትዝ አላት።

ሠ. ድርሰት

በቤተሰባችሁ ወይም በአካባቢያችሁ ሊረሳ የማይገባውን አንድ ሰው መርጣችሁ፣ ስለ ምን መታወስ እንዳለበት በሁለት አንቀጽ ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ሳትፈልጉት ትዝ የሚላችሁን፣ በሁለተኛው ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ያገኛችሁትን አስፍሩ።